የጋላክሲዎች ዘር ከየት መጣ? ስለ ጽንፈ ዓለም ግሽበት

ግሽበት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጤፍና የዘይት ዋጋ ነው። የጽንፈ ዓለምን አጀማመር የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ቃል ይጠቀሙበታል፤ በእነርሱ አነጋገር የሚያብጠው ግን ሕዋው ራሱ ነው። ጽንፈ ዓለም ሲጀምር፣ የዓይን ጥቅሻ ረጅም ዘመን በሚመስልበት እጅግ አጭር ቅጽበት፣ ሕዋ በአስደናቂ ፍጥነት ተለጠጠ ይላሉ። ናሳ በማርች 2025 ያመጠቃት ስፌሬክስ የተባለች የሕዋ ቴሌስኮፕ ከተሰጧት ሥራዎች አንዱ ይህን ሐሳብ መፈተሽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ግሽበት የሰሙ ብዙ ሰዎች “ጽንፈ ዓለም በፍጥነት ሰፋ” የሚለውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ። የሐሳቡ ክብደት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፀሐይ፣ እርሷ የምትገኝበት የከዋክብት ክምችት (ጋላክሲ) ፍኖተ ሐሊብ፣ በቴሌስኮፕ የምናያቸው ሌሎች ጋላክሲዎች በሙሉ የበቀሉት ከአቶም እጅግ ካነሰ ንዝረት ነው፤ ያንን ንዝረት ለጥጦ የጋላክሲ ዘር ያደረገው ግሽበቱ ነው ይላል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ ማስረጃውስ ምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሕዋ “ይሰፋል” ሲባል ምን ማለት ነው?

ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከሊጡ ጋር ጥቁር አዝሙድ ይታሻል። ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዷ የአዝሙድ ፍሬ ከሌሎቹ ትርቃለች። ፍሬዋ ግን ሊጡን ሰንጥቃ አልተጓዘችም፤ በመካከል ያለው ሊጥ አበጠ እንጂ። ከአንዷ ፍሬ ላይ ሆነን ብንመለከት ቅርብ ያሉት በዝግታ፣ ሩቅ ያሉት በፍጥነት ሲሸሹ እናያለን። ከየትኛዋም ፍሬ ሆነን ብንመለከት የሚታየን ያው ነው። ኤድዊን ሀብል በ1929 ስለ ጋላክሲዎች ያሳተመው ይህንኑ የሚመስል ነው፦ የራቁት ጋላክሲዎች በበለጠ ፍጥነት ይርቃሉ።

“ቢግ ባንግ” ወይም ታላቁ ፍንዳታ የሚለው ስም እዚህ ላይ ያሳስታል። ፍንዳታ መሐል አለው፤ ፍንጣሪውም ባዶ ቦታ ላይ ይበተናል። የጽንፈ ዓለም መስፋት መሐልም፣ የሚበተንበት ውጫዊ ቦታም አያስፈልገውም። ወደ ኋላ ብንመልሰው ሁሉም ነገር እየተቀራረበ፣ እየጋለ ይሄዳል። ወደዚያ ጥብቅና ግለት ለመድረስ ወደ ኋላ የምንቆጥረው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ያን ያህል የቆየ ነገር እንዴት ሊታይ ይችላል?

በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል በሚባል ቦታ በአንድ ትልቅ ጥሩንባ መሰል አንቴና ይሠሩ ነበር። አንቴናው የማይጠፋ ሹክሹክታ ያሰማ ነበር። ወደ ከተማ ቢያዞሩት፣ ወደ ሰማይ ቢያዞሩት፣ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም ድምፁ ያው ነው። አንቴናው ውስጥ እርግቦች ጎጆ ሠርተው ነበርና እርግቦቹን አስወጥተው ኩሱን ጠርገው እንደገና አዳመጡ። ሹክሹክታው አልጠፋም። የሰሙት ከጽንፈ ዓለም ልጅነት የተረፈውን ጥንታዊ ብርሃን ኖሯል። ለዚህም በ1978 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ይህን ብርሃን ብዙዎቻችን ሳናውቀው አይተነዋል። በድሮው ቴሌቪዥን ጣቢያው ሥርጭቱን ዘግቶ ሲያድር መስኮቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እየተንቀጠቀጠ ሹሹሹ ይል ነበር። ከዚያ ነጠብጣብ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህሉ የመጣው ከዚሁ ጥንታዊ ብርሃን ነው። ሳሎናችን ድረስ የመጣ የ13.8 ቢሊዮን ዓመት መልእክት ነበር።

ብርሃኑ ለምን ከዚያ በፊት አልተለቀቀም? ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የመኪና መብራት ሩቅ አይሄድም፤ ጉሙ ውስጥ እየተላተመ ይበተናል። ጽንፈ ዓለምም በመጀመሪያዎቹ 380,000 ዓመታት እንደዚሁ ነበር። ሙቀቱ ከመብዛቱ የተነሳ ኤሌክትሮኖች ከአቶም አስኳል ጋር መያያዝ አልቻሉም፤ የተበታተኑት ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን አላሳልፍ አሉት። ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ሲወርድ አቶሞች ተሠሩ፣ ጉሙም ተገፈፈ። ያኔ የተለቀቀው ብርሃን እስከ ዛሬ ይጓዛል፤ ሕዋ ስለተለጠጠ እርሱም ተለጥጦ ዛሬ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኗል። ይህን ብርሃን መመልከት የ380,000 ዓመቱን ጽንፈ ዓለም ፎቶግራፍ ማየት ነው።

ታዲያ እንቆቅልሹ የቱ ላይ ነው?

ፎቶግራፉ ከሚገባው በላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በሰማይ በአንድ በኩልም ሆነ በተቃራኒው በኩል የብርሃኑ ሙቀት ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ጎንደርና ጂንካ ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ፣ ስልክም የሌላቸው ሁለት ሴቶች ቡና አፍልተው፣ የሁለቱ ጀበና ሙቀት በዲግሪ መቶኛ ክፍልፋይ እንኳ ሳይለያይ ቀርቶ እንደማለት ነው። አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድ ነገር ሙቀቱን ከሌላው ጋር የሚያስተካክለው ሲነካካ ነው፤ ምንም ነገር ደግሞ ከብርሃን ፈጥኖ አይጓዝም። በ380,000 ዓመት ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉት ስፍራዎች ዛሬ በሰማይ ላይ ጥቂት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ያህል ቦታ ብቻ ነው የሚሸፍኑት። የቀረው ሰማይ ሁሉ እንዴት ተስማማ?

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ እኔንም ይበልጥ የሚገርመኝ ይኸኛው ነው። ጽንፈ ዓለም ፍጹም እኩል ቢሆን ኖሮ ዛሬም እኩል በሆነ ነበር። ስበት የሚሠራው በልዩነት ነው፤ ከአካባቢው ትንሽ ወፈር ያለ ስፍራ ከሌለ የሚሰባሰብ ነገር የለም፣ ኮከብም ጋላክሲም አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጥቃቅን ልዩነቶች መኖር ነበረባቸው። ከግሽበት ሐሳብ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች እነዚህን ልዩነቶች “ነበሩ” ብለው ከመነሳት በቀር ከየት እንደመጡ የሚያስረዳ ነገር አልነበራቸውም።

ግሽበቱ ምን ያህል ነበር? ምንስ አመጣው?

በዲሴምበር 1979 አለን ጉት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ አንድ ውጤት ላይ ደረሰ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ድንቅ ነገር እንደተገለጠለት ጽፎ ርዕሱን በሁለት ሳጥን ከበበው። ሐሳቡን በ1981 አሳተመ። በሶቪየት ኅብረት አሌክሴይ ስታሮቢንስኪ በሌላ መንገድ ሄዶ ተቀራራቢ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። በ1982 ደግሞ አንድሬ ሊንዴ፣ ከእርሱም ተለይተው አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት፣ በጉት ስሌት ላይ የነበረውን ጉድለት አርመው ለዛሬው ሐሳብ መሠረት ጣሉ።

መጠኑን ለመገመት እጥፍ እያደረግን እንቁጠር። አንድ ነገር 10 ጊዜ እጥፍ ቢሆን ከሺህ ጊዜ በላይ ያድጋል፤ 20 ጊዜ እጥፍ ቢሆን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ። በግሽበቱ ወቅት ርቀት ሁሉ ቢያንስ 87 ጊዜ ያህል እጥፍ ሆኗል ይባላል። ውጤቱ 1 ተጽፎ 26 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ክር ውፍረት የሚያህል ነገር በዚህ ቁጥር ቢባዛ ብርሃን ለመሻገር 20 ዓመት የሚፈጅበት ርቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ፣ በተለመደው ስሌት፣ ያለቀው ሰከንድን 1 ተጽፎ 32 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር ብናካፍል በሚገኘው ጊዜ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ “ከብርሃን የሚፈጥን የለም አላላችሁም?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። የፍጥነት ገደቡ በሕዋ ውስጥ የሚጓዝን ነገር ይመለከታል። የሊጡ ማበጥ በአዝሙዷ ጉዞ አይለካም።

ገፊው ኃይል ምን ነበር? የፊዚክስ ሊቃውንት “መስክ” የሚሉት ነገር አለ፦ በየቦታው ተዘርግቶ የሚገኝ፣ በየነጥቡ መጠን ያለው ነገር። የማግኔት መስክ አንዱ ነው፤ ብረት የሚስበው እርሱ ነው። ለግሽበቱ ምክንያት የሆነው መስክ ግን ለየት ያለ ጠባይ ነበረው። ሊጥ ምጣድ ላይ በሰፊው ቢዘረጋ ይሳሳል፤ ተራ ቁስም ሕዋ ሲሰፋ ይሳሳል። የዚህ መስክ ጉልበት ግን ሕዋ ሲሰፋ አይሳሳም፤ የቱንም ያህል ቢዘረጋ ውፍረቱ ያው የሆነ ሊጥ አስቡ። አይንስታይን በ1915 ባቀረበው የስበት ንድፈ ሐሳብ መሠረት እንዲህ ያለ ጉልበት የሞላው ሕዋ ስበቱ ገፊ ይሆናል፤ ያኔ ሕዋው ይለጠጣል፣ ጉልበቱ ስለማይሳሳ መልሶ ይለጠጣል። ቀስ በቀስ መስኩ ወደ ዝቅተኛ ደረጃው ሲወርድ ግሽበቱ አበቃ፤ ጉልበቱም ወደሚንቀለቀል የቅንጣቶች ባሕር ተለወጠ። ቢግ ባንግ ብለን የምንጠራው ያ ግለት የሚጀምረው ከዚህ ነው። መስኩ ምን እንደነበረ እስካሁን የለየ የለም።

የጎንደርና የጂንካ እንቆቅልሽ በዚህ ይፈታል። ሁለቱ ከግሽበቱ በፊት አንድ ምድጃ ዙሪያ የተቀመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሙቀታቸው ከተስተካከለ በኋላ ግሽበቱ አራራቃቸው።

ልዩነቶቹስ ከየት መጡ?

የእንጀራ ሊጥ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሲል ክዳኑን ከፍተን እንመልከት። ፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ብቅ ይላሉ፣ ፈንድተው ይጠፋሉ፤ ሌሎች በቦታቸው ይተካሉ። የትኛው የት እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲዘረጋ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ወደ ላይ የመጣችው አረፋ ስትፈነዳ ሊጡ ሰዓት አግኝቶ መልሶ አይሞላትም፤ ሙቀቱ ይቀድመዋል፣ ቀዳዳዋም ዓይን ሆና ትቀራለች። አንድ አፍታ ቆይታ ልትጠፋ የነበረች ነገር የእንጀራው ገጽ ቋሚ መልክ ሆነች።

በጽንፈ ዓለም ላይ የሆነው ይህን ይመስላል። በአቶምና ከአቶም በታች ያለውን ዓለም የሚገዛው ሕግ ኳንተም ፊዚክስ ይባላል። ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1927 እንዳሳየው በዚያ ዓለም ፍጹም እርጋታ የለም። ባዶ የምንለው ሕዋ ውስጥ ያሉ መስኮች እንኳ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያሉ ይርገበገባሉ፤ እርግብግቢቱ ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል። በዕለት ኑሯችን አናየውም፤ በቤተ ሙከራ ግን ውጤቱ ተለክቷል።

ግሽበት ባለበት ግን እርግብግቢቱ ለመጥፋት ጊዜ አያገኝም። አንዷ ሞገድ ገና ብቅ እንዳለች ሕዋው ይለጥጣታል፤ አንዱ ጫፏ ከሌላው ጫፏ ጋር ብርሃን እንኳ ሊያገናኘው በማይችል ርቀት ይለያያል። ጫፎቿ የማይገናኙ ሞገድ ወደ ነበረችበት መመለስ አትችልም፤ ባለችበት ትቆማለች። ከኋላዋ አዲስ ትንሽ ሞገድ ይነሳል፣ እርሱም ይለጠጣል፣ ይቆማል። ግሽበቱ እስኪያበቃ ድረስ ይህ ስለቀጠለ ቀድመው የተነሱት እጅግ ሰፊ፣ ዘግይተው የተነሱት ጠባብ ሆነው ሕዋው በሁሉም ዓይነት ስፋት ባላቸው ሞገዶች ተሸፈነ።

እነዚህ የቆሙ ሞገዶች የቁስ ልዩነት የሆኑት ግሽበቱ በሁሉም ስፍራ በአንድ ቅጽበት ስላላበቃ ነው። መስኩ በእርግብግቢቱ ምክንያት ትንሽ ከፍ ባለበት ግሽበቱ በጥቂቱ ዘገየ፤ ዝቅ ባለበት ቀደመ። በዚህ መዘግየትና መቅደም ምክንያት ከግሽበቱ በኋላ አንዱ ስፍራ ከሌላው በኢምንት ወፈረ። የጋላክሲዎች ዘር ይህ ነው።

የእንጀራው ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ያገለግላል፤ ከዚህ በላይ መጎተት የለበትም። የእንጀራ ዓይን የሚመጣው እርሾው ከሚያወጣው አየር ነው፣ የኳንተም እርግብግቢት ግን የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ያመጣው ነው። እንጀራው ጠርዝ አለው፤ ጽንፈ ዓለም ጠርዝ እንዳለው የሚያሳይ ነገር የለም።

ይህን ስሌት መጀመሪያ ካቀረቡት መካከል በሞስኮ የነበሩት ቪያቼስላቭ ሙካኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ ይገኛሉ፤ ዓመቱ 1981 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጋ በካምብሪጅ በተደረገ ስብሰባ ስቲቨን ሆኪንግ፣ ስታሮቢንስኪ፣ ጉት፣ ስታይንሃርትና ሌሎችም በየፊናቸው እያሰሉ፣ እየተከራከሩ፣ በመጨረሻ ተቀራራቢ መልስ ላይ ደረሱ። መልሱ ሁለት ፊት ነበረው። የሞገዶቹ ዓይነት ጋላክሲን ለማብቀል የሚፈለገው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ መጠናቸው ግን በያኔው ስሌት ከሚገባው በእጅጉ በዝቶ ስለወጣ መስኩ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው እንደገና መታሰብ ነበረበት።

ይህ ሁሉ በምን ይታወቃል?

ንዝረቱ በእርግጥ ከነበረ ከጥንታዊው ብርሃን ፎቶግራፍ ላይ አሻራው መገኘት አለበት። ኮቤ የተባለችው የናሳ ሳተላይት በ1989 መጠቀች፤ በ1992 አሻራው ተገኘ ተባለ። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ነው። 100 ኩንታል ጤፍ ያለበት ሁለት መጋዘን ቢኖር በሁለቱ መካከል የ100 ግራም ልዩነት እንደማለት ነው። ኮቤ በጥንታዊው ብርሃን ላይ ያደረገችው ልኬት ለጆን ማዘርና ለጆርጅ ስሙት የ2006ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በ2001 ደብልዩማፕ፣ በ2009 የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ፕላንክ ተከትለው ፎቶግራፉን እያጠሩት ሄዱ።

ልዩነት መገኘቱ ብቻውን ግሽበትን አያረጋግጥም። አሳማኙ ነገር የልዩነቱ ጠባይ ነው። ሐሳቡ ሰፊዎቹና ጠባቦቹ ሞገዶች በጥንካሬ እኩል ሊባሉ ይቃረባሉ፣ ነገር ግን ፍጹም እኩል አይሆኑም ይላል። ምክንያቱም መስኩ ቀስ በቀስ እየወረደ ስለነበር ዘግይተው የተነሱት ጠባብ ሞገዶች በጥቂቱ መድከም አለባቸው። ፍጹም እኩልነትን 1 ብንለው፣ ፕላንክ የለካው 0.965 ገደማ ነው። የልኬቱ ስህተት ቢበዛ ከሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ 1 አለመሆኑ ግልጽ ነው። ከልኬቱ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ በወረቀት ላይ የተገመተ መዘንበል ሰማይ ላይ ተገኘ።

ሁለተኛውን ማስረጃ ለማስረዳት ወረብ ያየ ሰው ይቀለዋል። ካህናቱና ዲያቆናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮው ሲመታ አብረው ዘንበል፣ አብረው ቀና ይላሉ። በመካከል አንድ ፎቶ ብናነሳ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ሆነው እናገኛቸዋለን። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ፎቶው ላይ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ይታይና የሚለይ መልክ አይኖረውም ነበር።

ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ሳይሞላው ያ ጉም እንደ አየር ድምፅ ያስተላልፍ ነበር። ወፈር ወዳለው ስፍራ ስበት ቁሱን ይስባል፣ የታመቀው ብርሃን መልሶ ይገፋዋል፤ እንዲህ እየተሳበና እየተገፋ ይወዛወዛል። ጉሙ በተገፈፈበት ቅጽበት ውዝዋዜው ፎቶ ተነሳ። ቡሜራንግ የተባለ በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ በባሉን የተንሳፈፈ ቴሌስኮፕ በ2000 ባወጣው ውጤት፣ በኋላም ደብልዩማፕና ፕላንክ በበለጠ ጥራት እንዳሳዩት፣ እኩል ስፋት ያላቸው ሞገዶች በሰማዩ ሁሉ በአንድነት ዘንበል ብለው ተገኙ። በአንድ የከበሮ ምት ጀምረዋል። ግሽበት ይህን ይጠብቃል፤ ሞገዶቹ ሁሉ ቆመው ቆይተው፣ እኩል ስፋት ያላቸው በእኩል ሰዓት መወዛወዝ ይጀምራሉና። በወቅቱ ተፎካካሪ የነበረው ሐሳብ የጋላክሲን ዘር “የሕዋ ክሮች” ለሚባሉ ነገሮች ይሰጥ ነበር። እነርሱ ያለማቋረጥ እየረበሹ ምቱን ባፈረሱት ነበርና ሐሳቡ ዋና ተወዳዳሪ መሆኑ በዚህ አበቃ።

ከመቶ ሺህ አንድ ልዩነት እንዴት ጋላክሲ ይሆናል?

ተዳፋት ላይ ከብት የሄደበት ቀጭን መንገድ አለ እንበል። ክረምት ሲገባ ውሃው ከሜዳው ይልቅ ያቺን ቀጭን መንገድ ይመርጣል። ውሃ ሲሄድባት ትጎደጉዳለች፤ ስትጎደጉድ ብዙ ውሃ ትስባለች። ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ትሆናለች። ስበትም እንዲሁ ነው፤ ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ወፈር ያለው ስፍራ ከጎረቤቱ ቁስ እየሳበ ይበልጥ ይወፍራል፣ የሳሳው ደግሞ ይበልጥ ይራቆታል።

እዚህ ላይ ግን ስሌቱ አንድ ነገር ጎደለው። ጉሙ ከተገፈፈ ወዲህ ሕዋ በርቀት 1,100 ጊዜ ያህል ሰፍቷል፤ ልዩነቶቹም መጀመሪያ ላይ የሚያድጉት በዚያው ልክ ነው። ከመቶ ሺህ አንድ በ1,100 ቢባዛ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ይህ ጋላክሲ አያወጣም። ዛሬ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለው ቁስ ከአማካዩ ሕዋ እጅግ ብዙ ጊዜ የታመቀ ነው።

የጎደለውን የሞላው ጨለማ ቁስ ነው። ብርሃን የማያወጣና የማይከለክል፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ ነው፤ መጠኑ ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ተራው ቁስ ጉሙ ውስጥ ከብርሃን ጋር ታስሮ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ ጨለማው ቁስ ብርሃን ስለማይነካው ቀድሞ መሰባሰብ ጀምሮ ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ተራው ቁስ ነጻ ወጥቶ ወደተዘጋጁለት ጉድጓዶች ወረደ። እዚያ ታመቀ፣ ጋለ፣ ኮከብ ሆነ። ጄምስ ዌብ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ቢግ ባንግ ከሆነ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቶናል።

ጋላክሲዎቹም በየቦታው ተዘርተው አልቀሩም። በጨለማ ቁስ ክሮች ላይ ተሰድረው፣ ክሮቹ በሚገናኙበት ተከማችተው፣ በመካከል ሰፋፊ ባዶ ስፍራዎችን ትተው የሸረሪት ድር መሰል መረብ ሠርተዋል። የዚያ የጥንቱ ወረብ አሻራም እዚህ አለ። በ2005 ሁለት ቡድኖች የጋላክሲዎችን ካርታ ሲመረምሩ፣ ጋላክሲዎች እርስ በርስ በ500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ከሚጠበቀው በጥቂቱ በዝተው ተገኙ። (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው።) ያ ርቀት ጉሙ ውስጥ ድምፅ 380,000 ዓመት ሙሉ የተጓዘው መንገድ ነው፤ ሕዋ ሲሰፋ አብሮ ሰፍቷል።

ታዲያ ግሽበት ተረጋግጧል?

አልተረጋገጠም። በብዙ ማስረጃ የተደገፈ ሐሳብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በ2014 የሆነው በደንብ ያሳያል።

ግሽበት የቁስን ዘር ብቻ ሳይሆን የስበት ሞገድንም ማስነሳት አለበት፤ ይህም የሕዋው የራሱ መንቀጥቀጥ ነው። ያ ሞገድ ጥንታዊው ብርሃን በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ላይ የጠመዝማዛ ምልክት ይተዋል። በማርች 2014 ቢሴፕ2 የተባለ በደቡብ ዋልታ ያለ ቴሌስኮፕ ቡድን ምልክቱን አገኘሁ አለ። ከቡድኑ አንዱ የሊንዴን በር አንኳኩቶ ውጤቱን ሲነግረው፣ አዛውንቱ ሳይንቲስት በድንጋጤና በደስታ ሲዋጥ፣ ሻምፓኝ ሲከፈት የሚያሳየው ቪዲዮ በዓለም ዙሪያ ታየ። ወራት አለፉ። የፕላንክ ልኬት ሲመጣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ደቃቅ አቧራ ተመሳሳይ ጠመዝማዛ እንደሚሠራ ታየ። በጃንዋሪ 2015 ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ የስበት ሞገድ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አልተረፈም። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት የተሻለ ልኬት የሞገዱ ድርሻ ከቁስ ልዩነቱ አንጻር ከ0.036 እንደማይበልጥ አሳዩ፤ ቀላል ከሚባሉት የግሽበት ዓይነቶች አንዳንዶቹ በዚህ ተሰረዙ።

ተቃዋሚዎችም አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሐሳቡን ካቆሙት መካከል የነበረው ስታይንሃርት ራሱ ነው። ግሽበት የተለያየ መልክ ስለሚይዝ ማንኛውም ልኬት ቢመጣ የሚስማማ መልክ አይታጣለትም፣ ስለዚህ ሊፈተን አይችልም ይላል፤ ጽንፈ ዓለም ቀድሞ ተኮማትሮ ከዚያ መልሶ ሰፋ የሚል አማራጭም ያራምዳል። የግሽበት ደጋፊዎች መልስ እያንዳንዱ መልክ ለየብቻ ይፈተናል፣ ብዙዎቹም ወድቀዋል የሚል ነው። እኔ የደጋፊዎቹ መልስ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የ0.965ቱ ልኬት ሊወድቅ ይችል የነበረ ፈተና ነበርና። የስታይንሃርት ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። መስኩ ምን እንደነበረ፣ ግሽበቱስ ራሱ እንዴት እንደጀመረ የሚመልስ የለም።

አሁን ምን እየተጠበቀ ነው?

በቺሊ አታካማ በረሃ፣ ከራስ ዳሸን ከ600 ሜትር በላይ በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ሲሞንስ የተባለው የምልከታ ጣቢያ ያንን ጠመዝማዛ ምልክት እየፈለገ ነው። ከፍታው የተመረጠው አየሩ ደረቅና ስስ ስለሆነ ነው፤ ጥንታዊውን ብርሃን የሚጋርደው የአየር እርጥበት ነውና። ጃፓን የምትመራው ላይትበርድ የተባለ ሳተላይትም ለ2030ዎቹ ታቅዷል። ምልክቱ ከተገኘ ግሽበቱ የተካሄደበት የጉልበት መጠን በቀጥታ ይታወቃል።

ስፌሬክስ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሰማዩን በሙሉ በየስድስት ወሩ በ102 የቀለም ዓይነቶች እየቃኘች ከ450 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎች የት እንዳሉና ምን ያህል እንደሚርቁ ትመዘግባለች። ግሽበቱን ያመጣው አንድ መስክ ብቻ ከሆነ ወፍራሞቹና ስሶቹ ስፍራዎች ፍጹም ሊባል በሚችል የዘፈቀደ አወዳደቅ መበተን አለባቸው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መስኮች ተሳትፈው ከሆነ ግን በሰፊው ሲታይ ጋላክሲዎቹ ትንሽ ለየት ባለ ሁኔታ ይሰባሰባሉ። ዓይኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሊጡን ያቦካው እርሾ አንድ ዓይነት ነበር ወይስ ድብልቅ ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ እርሾው ካለቀ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል፣ እንጀራው ግን አሁንም ፊታችን ተዘርግቷል።